ሁናዲ ያጋባቻቸው ዘፈኖች

እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 2017፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሌሴላ ሌድዋባ ሁለት ዘፈኖችን ማገናኘት ጀምሮ ሳይጨርስ ተወ። አንደኛው እየከሰመ፣ ሌላኛው እየገባ ነበር። ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ባርኔጣውን አነሳ፤ በሚጨፍሩት ሰዎች መካከል አልፎ ከግቢው ወጣ። ዘፈኖቹ ተደራርበው እየተነታረኩ ቀሩ። በኋላ ከተሰበሰቡት አንዱ ሄዶ አጠፋቸው።

ማሌሴላ የታላቅ እህቴ የሁናዲ ባል ነበር። ሲልቨርተን ካለው የመኪና ፋብሪካ ቀለም ክፍል ውስጥ ከሥራ እስኪቀነስ ድረስ ሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈራችንን የማሜሎዲን ሰው በርና አጥር እየቀባ ኖረ። በሥራ ቀን ካገኙት ዝምተኛ ቀለም ቀቢ ነው። እሑድ ግን በሴክጎቤላ ግቢ ሸክላ የሚያጫውተው እሱ ነበር። ሴክጎቤላ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌርና የክበባችን መሪ ነው፤ ሁሉም «ሊቀ መንበር» ይለዋል። ክበባችን የጎልማሶች ክበብ ነው፤ ወንዱ ባርኔጣና ባለ ሁለት ቀለም ጫማ፣ ሴቱ መሐረብና ፊሽካ ይዞ ይመጣል። ወጣቶቹ በስተጀርባችን «የአያቶች ዲስኮ» ይሉናል። ይበሉ።

የማሌሴላ ሙያ ምት ነበር። አንዱ ሸክላ ሕዝቡን ሲያስጨፍር፣ ቀጣዩን በማዳመጫ ለብቻው ይሰማና የማጫወቻውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ በጣቱ እየገፋ ያዘገየዋል ወይም ያፈጥነዋል፤ ሁለቱ ዘፈኖች እንደ ሁለት መንገደኞች እኩል መራመድ እስኪጀምሩ ድረስ። ለዚህ የሚስተካከለው አልነበረም። ምትን በጆሮው ሳይሆን በጫማው ነው የሚሰማ ይሉት ነበር። ቅኝት ግን ጨርሶ አይሰማም። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር አጠገቡ የቆመ ሰው ቀስ ብሎ ቦታ ይቀይራል። የአንዱ ዘፈን ድምፅ ከሌላው ጋር ይጣላ ይስማማ አያውቀውም፤ የሚያውቀው የሰውን ፊት አይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

ይህን የምታውቅለት ሁናዲ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዝቅተኛውን የሴት ድምፅ ትይዛለች። ያደግንበት ቤት ልጆቹ ከፊደል በፊት ዶ ሬ ሚ የሚቆጥሩበት ስለነበረ፣ የትኛውም ዘፈን ሲጀምር ዶው የት እንዳለ፣ ማለትም ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበትን ድምፅ፣ ወዲያው ታገኘዋለች። እሑድ እሑድ ከማሌሴላ ቀኝ ትቆማለች። እሱ የሁለቱን ዘፈኖች ምት ካስተካከለ በኋላ የማዳመጫውን አንድ ጆሮ ወደ እሷ ያዞራል። እሷ ሰዉ የሚጨፍርበትን ዘፈን ዶ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች የሚመጣውን ትሰማና ከሦስት ቃላት አንዱን ትሰጠዋለች። ሁለቱ የሚያርፉበት ድምፅ አንድ ከሆነ «ቤት ነው» ትላለች። የአንዱ ማረፊያ በሌላው ዜማ ውስጥ የታወቀ መቆሚያ ከሆነ «ጎረቤት ነው»። ሁለቱም ካልሆነ «ባዕድ»።

«ትንሽ እንኳን አይዛመድም?» ይላታል የወደደው ዘፈን ከሆነ።

«ባዕድ ነው አልኩህ፣ ማሌሴላ። ባዕድ በልመና አይዛመድም።»

እሷ እሺ ያለቻቸውን ጥንዶች ክበቡ «የሁናዲ ጋብቻዎች» ይላቸው ነበር። ማሌሴላ ሁሉንም በቃሉ ይዟቸዋል። ከሁሉ የሚወደደው፣ ከኮንጎ የመጣ ዘገምተኛ የጊታር ዘፈን እና መሐሉ ላይ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት የደርባን የጭፈራ ሸክላ ነበር። ቀዩ በተፈጥሮው ፈጣን ነው። ማሌሴላ እስከ ጊታሩ እርምጃ ድረስ ያዘገየዋል፤ ሁናዲ «ጎረቤት» ትላለች፤ ሴክጎቤላና ሚስቱ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ለዓመታት እንዲህ ነበር።

ሁናዲ በ2015 ክረምት በስኳር በሽታ ሞተች። ማሌሴላ ጥቁሩን ጨርቅ እጅጌው ላይ ሰፋ፤ በልማዱ መሠረት ሐዘኑ እስኪወጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባል፣ ሙዚቃ ካለበት አይደርስም። ማጫወቻዎቹ አንሶላ ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ። ጨርቁ ከተነሳለት በኋላም ብዙ ጊዜ አልወጣም። በመጨረሻ ክበቡ ተሰብስቦ አዲስ ማሽን ሊሰጠው ወሰነ፤ ሸክላ የማይፈልግ፣ ዘፈኑን ሁሉ በሆዱ የሚይዝ። ያመጣችው የሰፈራችን ልጅ ፑሌንግ ነበረች፤ ለቀብርና ለሠርግ ድንኳን፣ ወንበርና የድምፅ ዕቃ የምታከራይ። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ቀድታ አስገባችለት። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ አሮጌዎቹን ማጫወቻዎች ወደ መጋዘኗ ወሰደቻቸው።

ያ እሑድ እንግዲህ የመመለሻው ቀን ነበር። ጊታሩንና ቀዩን መረጠ። ምቱን አስተካከለ፤ ምቱ ላይ እንከን አልነበረም። ድምፁ ግን ሎሚ እንደ ገባበት ወተት ሆነ። አሮጊቶቹ ጆሮአቸውን ያዙ።

«ማሌሴላ!» አለ ሴክጎቤላ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ። «ያን ያህል ዘመን በሰላም የኖሩ ባልና ሚስት ዛሬ አፋታሃቸው እንዴ?»

ግቢው ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረውም። ክፉ የነበረው ከኋላ የመጣው ቃል ነው። «ከመጀመሪያውም ሁናዲ እሺ ትለው የነበረው ባሏ ደስ እንዲለው ይሆናል» አለ አንድ ሰው። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ማሌሴላ ማዳመጫውን ያወለቀው ያኔ ነው።

በሳምንቱ ልጠይቀው ሄድኩ። ማሽኑ በሻንጣው እንዳለ በር አጠገብ ቆሟል። ሻይ አፈላልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ሞያ» ሲል በስሜ ጠራኝ። «እህትሽ ውሸት ታውቅ ነበር?»

«ለማን፣ አቡቲ?» ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ታላቅ ወንድም አቡቲ ነበር የምለው።

«ለእኔ።»

«ሻይዋ ውስጥ ስኳር ጨምራ አልጨመርኩም ትል ነበር።»

«እሱን አውቄባታለሁ። ማንኪያውን ታጥበው ነበር፤ የማንኪያ ማጠቧ ያጋልጣታል።» አልሳቀም። «ስለ ሌላው ነው የምጠይቅሽ።»

የጠየቀው ምን እንደሆነ ገባኝ። ጥያቄው ስለ ዘፈን አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ከቀኙ ቆማ «ጎረቤት» ያለችው በእርግጥ ጎረቤት ስለሆነ ነው ወይስ ስላዘነችለት? ሰዉ እኮ ጨፍሯል፣ እግር አይዋሽም አልኩት። «ሰው ለሁናዲ ሲልም ይጨፍራል» አለኝ። «ማን ያስቀይማታል?»

ሐሙስ ሐሙስ መዘምራኑ ይለማመዳሉ። ማሽኑን በሻንጣ ይዞ ወደዚያ ሄደ። የመዘምራኑ መሪ፣ እንደ እናት «ማ» የምንላቸው ማ ራሞኮኔ ናቸው፤ የቅኝት ማስተካከያ ሹካቸውን ጉልበታቸው ላይ መትተው ድምፅ ሲሰጡ የአገር ሰዓት የሚሞሉ ይመስላሉ። ከልምምዱ በኋላ ጥንዶቹን አንድ በአንድ አሰማቸው።

«ባዕድ» አሉ። ቀጣዩን ሰምተው «ይሄም ባዕድ።» ከዚያ «ይሄ እንኳን ጎረቤት ነው።» ከዚያ ደግሞ «ባዕድ፣ ባዕድ... ኧረ ይሄስ ጠላት ነው፣ አጥፋልኝ!»

ጥቂቶቹ ልክ መሆናቸው ነገሩን አባሰበት። ሁሉም ባዕድ ቢሆኑ ማሽኑን ይጠረጥር ነበር።

«ማሌሴላ፣ ምን ላድርግህ፤ ጆሮዬ የሚለኝን ነው የምነግርህ» አሉት ሻንጣውን ሲዘጋ አይተው።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ ማ ራሞኮኔ። ሁናዲ አጠገብዎ ቆማ ስትዘምር ድምፅ ስታ ታውቃለች?»

«ሁናዲ? አንድም ቀን! እኔ ራሴ ስጠፋ በእሷ ነበር የምመለስ።»

ሊያጽናኑት ነበር። እሱ ግን ሌላ ሰማ። ጆሮዋ የማይሳሳት ከሆነ አልተሳሳተችም ማለት ነው፤ እያወቀች ነው እሺ ያለችው። የቀረለት አንድ መልስ ይኼ ሆነ።

ማሽኑን ለፑሌንግ መለሰላት። እሑድ የክበቡ ሙዚቃ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ቤቱ ድረስ ይሰማል፤ መስኮቱን ይዘጋል። በር ይቀባል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ለአንድ ሰው የሚሆን የበቆሎ ገንፎ ያነኩራል። ምግብ ስወስድለት አመስግኖ ይበላል፤ ሳህኑን አጥቦ ይመልስልኛል። ድሮ በየዓረፍተ ነገሩ «ሁናዲ እንዲህ ትል ነበር» ይል የነበረ ሰው ስሟን መጥራት ተወ። «እሷ» እንኳን አይልም። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ሰው ይገባል ይወጣል፤ ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ግን በር አንኳኪ የለውም፤ አንኳኩቶ የሚገባውም ምን እንደሚለው አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ሥራዬ የዩኒቨርሲቲው የድምፅ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ የሞቱ ሰዎችን ድምፅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የቀረጸውን ሰው ስም ጽፌ መደርደር እችላለሁ። እሷ ለእሱ በጆሮው የነገረችው ግን የትም አልተቀረጸም።

በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ሴክጎቤላ ሞተ። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ራሷ ወደ ማሌሴላ ቤት መጣች። ቅዳሜ ማለዳ ቀብር ነው፤ ከቀብር መልስ፣ ሰው ተጣጥቦ ከበላ በኋላ፣ እንደ ሰፈራችን ወግ እንባው በሙዚቃ ይደርቃል።

«ሙዚቃዬን ከማሌሴላ በቀር ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ ነው የሞተው» አለችው።

«ሰው ጆሮውን ይዞ ይሄድብሻል።»

«ይሂድ። እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይሰማ።»

እምቢ ማለት አልቻለም። ወደ ፑሌንግ ሄደ።

«ማሎሜ፣ ቅዳሜ እኮ ነው!» አለችው። አጎት ማለቷ ነው። «አራት ቀብር ነው ያለብኝ፤ ማሽን የሚባል ሁሉ ወጥቷል። የቀሩኝ የርስዎ አሮጌዎቹ ናቸው። አቧራቸውን ልጥረግልዎት?»

«ሸክላዎቹ እኔ ዘንድ አሉ» አላት። «ጥረጊያቸው።»

ከመቃብር ስንመለስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በር ላይ እጃችንን ታጠብን፤ ገንፎና ጨጓራ ከቀይ ሥር ጋር ተበላ፤ የዝንጅብል መጠጡም ቢራውም ወጣ። ማሌሴላ ማጫወት ጀመረ፤ ግን አንድ ዘፈን ጨርሶ፣ ዝም ብሎ፣ ሌላ ዘፈን። አያገናኛቸውም። በየመሐሉ የሚመጣው ጸጥታ ሰዉን እንደ ቆመ ያስቀረዋል።

«ኧረ ማሌሴላ፣ ሴክጎቤላን ቀብረን መጣን እኮ፤ ዘፈኖቹንም አንድ በአንድ ልትቀብር ነው?» አለ አንዱ።

ማገናኘት ፈርቷል። ያን ጊዜ የሴክጎቤላ ሚስት ከሐዘን ፍራሿ ተነስታ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«ጊታሩንና ቀዩን» አለችው። «አልጨፍርም። ቁጭ ብዬ ልስማቸው ብቻ።»

ጊታሩን አስገባ። ቀዩን በማዳመጫ ያዘና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ወደ ኋላ ሳበው፤ ሁለቱ እኩል እስኪራመዱ። ከቀኙ ማንም የለም። ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳያነሳ ቀዩን ለቀቀው።

ምንም አልሆነም። ማለቴ፣ ማንም ጆሮውን አልያዘም። ጊታሩ ውስጥ ቀዩ እንደ ቤተኛ ገባ። ሲጨፍሩ ከነበሩት የአንዱም እግር አልተደናገረም፤ ጊታሩን በአፍንጫቸው ሲያንጎራጉሩ የነበሩት ሴቶች ሳያቋርጡ ወደ ቀዩ ተሻገሩ። ማሌሴላ ይህን መስማት አይችልም። ሰዎቹን አያቸው፤ ከዚያ ማ ራሞኮኔን ፈለገ። ሳህናቸውን እንደያዙ እየመጡ ነበር።

«ጎረቤት ናቸው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ጎረቤት! ለእኔ ያመጣህልኝ እነዚህን አልነበረም ወይ?»

«እነዚሁኑ ነው።»

«አይደለም። ያኔ ባዕድ ነበሩ። እኔ አርጅቻለሁ እንጂ አልደነቆርኩም!»

ፑሌንግ ከአንዱ ቀብር ወደ ሌላው ስታልፍ ልታይ ጎራ ብላ ነበር። ጭቅጭቁን ቆማ ሰማች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማሎሜ... ማሽኑ እኮ ምቱን ሲያዘገዩት ቅኝቱን አያወርደውም፤ ባለበት ይይዘዋል። የሚይዝ ቁልፍ አለው። እኔ ነኝ ከፍቼ የሰጠሁዎት፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚወደው።»

«ሸክላውስ?» አሉ ማ ራሞኮኔ።

«ሸክላ ሲዘገይ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፤ ሲፈጥን ይወጣል።»

ማ ራሞኮኔ ወደ ማሌሴላ ዞሩ። «እንግዲያውስ ሁናዲ የሰማችው የወረደውን ነው። አንተ አዘግይተህ የምትሰጣትን። ለእኔ ያሰማኸኝ ያልወረደውን ነው። ሁለታችንም ልክ ነን!» ልክ መሆናቸው ስላስደሰታቸው ሳህናቸውን ይዘው ትንሽ ጨፈሩ።

ሳያዘገይ ሳያፈጥን እኩል የሚራመዱት ጥቂት ጥንዶች በማሽኑም ጎረቤት ሆነው የቀሩት ለዚህ ነበር። ሌሎቹን እህቴ ከፋብሪካ እንደወጡ ሰምታቸው አታውቅም። ሁልጊዜ የሰማቻቸው በእሱ እጅ ካለፉ በኋላ ነው።

ማሌሴላ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ቆመ። «ሁናዲ አልዋሸችኝም» አለ፤ ለማንም አልነበረም። ስሟን ሲጠራ ከሰማሁት ብዙ ወራት አልፈው ነበር።

በማግስቱ አብረን ወደ መቃብሯ ሄድን። አረሙን ነቀለ፣ ውኃ አፈሰሰላት፣ ልማዳችን እንደሚያዘው ጎንበስ ብሎ በዘሯ ስም ጠራት። «የጠረጠርኩሽ ከብቸኝነት ነው» አላት።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ወደ ክበቡ ተመለሰ፤ ይህ እውነት ነው። ፑሌንግ ማሽኑን ልትመልስለት ፈለገች። «ቁልፏን ዘግቼልዎታለሁ» አለችው። «ደግሞ ማሽኑ ስክሪኑ ላይ የየዘፈኑን ቅኝት በቁጥር ይጽፋል። አዲስ ዘፈን ቢፈልጉ ማን ከማን ጎረቤት እንደሆነ ይነግርዎታል። ሁናዲ የምትለውን ማለት ነው።»

«ይነግረኛል» አላት። «አጠገቤ ቆሞ ግን አይደለም።»

ማ ራሞኮኔም ልስማልህ ብለውት ነበር። አመሰገናቸው፤ አልጠራቸውም። ስለዚህ እሑድ እሑድ የሚያጫውተው እህቴ ያጋባቻቸውን ብቻ ሆነ። አባላቱ አዲስ ነገር አምጣ ሲሉት «አዲስ ጋብቻ የሚያስማማ ሽማግሌ የለኝም» ይላቸዋል፤ ይስቃሉ። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ሳየው፣ ምቱን ካስተካከለ በኋላ የማዳመጫውን አንድ ጆሮ ወደ ቀኙ አዞረ። ትንሽ ጠበቀና መለሰው። እውነቱ ጥርጣሬውን ወሰደለት እንጂ ሰው አላመጣለትም። ሲጠረጥራት ቢያንስ የሚነጋገራት ነገር ነበረው። አሁን በመካከላቸው ያልተፈታ ነገር የለም፤ ቤቱ ከድሮው ይልቅ ጸጥ አለ። ሙዚቃው ሲያልቅ ሸክላዎቹን በካርቶን ተሸክሞ፣ ማንም እንዲሸኘው ሳይፈልግ፣ ወደዚያ ቤት ይመለሳል።

ሐሙስ ሐምሌ 11 ቀን 2019 ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ልብ ነው አሉን።

ረቡዕ ዕለት ወደ ከተማ ሄዶ ነበር። የአንዱ ማጫወቻ መርፌ አልቆ ሸክላውን መጫር ጀምሮበታል፤ ሸክላው ሁናዲ ካጋባቻቸው አንዱ ስለሆነ እስከ እሑድ ሊያቆየው አልፈለገም። ሻጩን በኋላ አነጋግሬዋለሁ። ኮረብታ የሚያህል የስልክ ሽፋን ከኋላው የሰቀለ ጎልማሳ ነው።

«አባቴ፣ አሁንም መርፌ የሚገዛ ሰው አለ?» ብሎት ነበር።

«አንድ አለ» አለው ማሌሴላ። «አንተ ዘንድስ የሚሸጥ አለ?»

ከመጋዘኑ እስኪያወጣለት ቆሞ ጠበቀ። ከፈለ፤ ትንሿን ሣጥን በደረት ኪሱ ከተታት። ወደ ማሜሎዲ ለሚሄድ ታክሲ እንደ ወጉ በጣቱ ምልክት ሰጥቶ ተሳፈረ፤ ሲወርድ ግማሽ ዳቦ ገዛ። ቤቱ ገብቶ አዲሱን መርፌ ገጠመ፤ በአንድ ሸክላ ሞክሮ ከመጫር መዳኑን አረጋገጠ፤ አሮጌውን መርፌ ማንንም እንዳይወጋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።